ልጅቷን ከመንገድ አናስቀር፤ መንገዱን እናጽዳ



በጎግ ወረዳ አንዲት የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅ በቀን ስንት መንገድ እንደምትሄድ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? እስቲ ዛሬ አብረን እንቁጠር።

ጎሕ ሲቀድ ውኃ ልትቀዳ ወደ ጊሎ ወንዝ ወይም ወደ እጅ ፓምፕ ትወርዳለች። ይኼ አንድ ነው። ደብተሯን ይዛ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ሁለት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ማገዶ ልትለቅም ጫካ ትገባለች። ሦስት። በቆሎ ተሸክማ ወፍጮ ቤት ትሄዳለች። አራት። የገበያ ቀን ሲሆን ማንጎ ወይም ዓሣ ይዛ ፑኝዶ ትወጣለች። አምስት። ማታ ጭፈራ ካለ ደግሞ ከጓደኞቿ ጋር ትሄዳለች። ስድስት።

ወንድሟም ብዙ መንገድ ይሄዳል። ነገር ግን እሱ ሲዘገይ እናቱ «ምን በላ?» ብላ ታስባለች። እህቱ ስትዘገይ እናቷ ደጅ ቆማ መንገድ መንገድ ታያለች። የሁለቱ ልጆች እግር አንድ ነው፤ መንገዱም አንድ ነው። ታዲያ ለአንዱ ሰላም፣ ለሌላዋ ሥጋት የሆነው ለምንድን ነው? የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ነው።

እኔ ዘማች ተማሪ ነኝ። ዕድሜዬም ከልጆቻችሁ ዕድሜ አይበልጥም። ስለዚህ እንደ ልጃችሁ ሆኜ ልናገር፤ እናንተም እንደ ወላጅ ሆናችሁ ስሙኝ።

ጥቃት ከየት ይጀምራል?

ጾታዊ ጥቃት ማለት አንድ ሰው በሴትነቷ ወይም በወንድነቱ ምክንያት የሚደርስበት በደል ነው። ወንድ ልጆችም ይጠቃሉ፤ እነሱም ያፍራሉ፤ እነሱም ይደብቃሉ። ነገር ግን በብዛት የሚጠቁት ልጃገረዶችና ሴቶች ናቸው።

ጥቃት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የመጨረሻውን፣ ማለትም አስገድዶ መድፈርን ብቻ ነው። መጀመሪያው ግን ትንሽ ነው። አንዱ ጎረምሳ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ በምታልፍ ልጅ ላይ የብልግና ቃል ይወረውራል። ሰው ይስቃል። በሌላ ቀን መንገድ ይዘጋባታል። አሁንም ሰው ይስቃል። በሦስተኛው ቀን እጇን ይይዛል፤ ልብሷን ይጎትታል። «ጨዋታ ነው» ይባላል። በአራተኛው ቀን ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ በሆነበት ቦታ ብቻዋን ሲያገኛት የሚስቅም፣ የሚያይም ሰው የለም።

«ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይባላል። የጊሎን ዳር የሚያውቅ ሰው የዚህ ተረት ፍች አይጠፋውም። ስለዚህ ጥቃትን ማስቆም የሚቻለው ገና ሰው በሚስቅበት ጊዜ ነው። በዚያን ሰዓት አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ «ተው! ይኼ ነውር ነው» ቢል ነገሩ እዚያው ይቀራል።

የሚያጠቃው ማን ነው?

በእኛ ክልል ሰው አደጋ ሲባል ቶሎ የሚያስበው ድንበር ተሻግሮ የሚመጣውን የታጠቀ ወራሪ ነው። እውነትም ነው። በሚያዝያ ወር 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የመጡ የሙርሌ ታጣቂዎች በኑዌር ዞን መንደሮች ላይ አደጋ ጥለው ከ200 በላይ ሰዎች ገድለዋል፤ ከ100 በላይ ሕፃናትንም ወስደዋል። ይህን የማያስታውስ የጋምቤላ ሰው የለም።

ነገር ግን በውኃ፣ በማገዶና በትምህርት ቤት መንገድ ላይ ልጃገረዶችን የሚያጠቃው ሰው ብዙውን ጊዜ ከሩቅ የመጣ አይደለም። ልጅቷ የምታውቀው፣ ስሟን ጠርቶ የሚያስቆማት፣ የት እንደምትሄድና መቼ እንደምትመለስ የሚያውቅ ሰው ነው። ጎረቤት ሊሆን ይችላል። ዘመድ ሊሆን ይችላል። «እኔ ላድርስሽ» የሚል ሰው ሊሆን ይችላል።

ይህ የገጠር ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በመስከረም ወር 2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ለመሄድ ታክሲ ተሳፈረች። በታክሲው ውስጥ የነበሩት ወንዶች ወስደው በቡድን ደፈሯት። ልጅቷ በደረሰባት ጉዳት በጥቅምት ወር ሞተች። አጥፊዎቹም ተይዘው ተፈረደባቸው። ከተማው መብራት ነበረው፤ ፖሊስ ነበረው፤ ሰው ሞልቶበት ነበር። ስለዚህ የሰው ብዛት ብቻውን ልጅን አይጠብቅም። ልጅን የሚጠብቀው የሚያይና የሚናገር ሰው ነው።

አሁን ቁጥር እንቁጠር። በ2008 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ተደርጎ ነበር። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ሴቶች ተጠየቁ። ከመቶ ሴቶች 23ቱ ከ15 ዓመታቸው ወዲህ መደብደብና የመሳሰለው የአካል ጥቃት ደርሶባቸዋል። ከመቶ 10ሩ ደግሞ የወሲብ ጥቃት ደርሶባቸዋል። እስቲ በማንጎ ዛፍ ሥር መቶ ሴቶች ተሰብስበዋል ብላችሁ አስቡ። ዐሥሩ ይህን ሸክም ይዘው ነው የተቀመጡት። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ይኼ ነው፦ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ከመቶ 66ቱ እርዳታ አልጠየቁም፤ ለማንም አልተናገሩም።

ለምን አልተናገሩም? ቢናገሩ ምን እንደሚባሉ ስለሚያውቁ ነው።

«ለምን በዚያ ሄደች?»

አንዲት ልጅ ተጠቃች ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄ ምንድን ነው? «ለምን በዚያ ሄደች? ለምን መሸባት? ምን ለብሳ ነበር?» ይባላል።

እስቲ አባቶች፣ እናንተን ልጠይቃችሁ። የዓሣ መረባችሁ ከወንዝ ዳር ቢሰረቅ፣ «መረቤ ለምን ወንዝ ዳር ተገኘ?» ትላላችሁ እንዴ? አትሉም። ሌባውን ትፈልጋላችሁ። ልጅቷም ውኃ የቀዳችው ለቤቱ ነው። ማገዶ የለቀመችው ለቤቱ ነው። ሥራ ልካችኋት በሥራዋ ቦታ ብትጠቃ፣ ጥፋቱ የእሷ የሚሆነው በምን ሕግ ነው?

ጥፋቱን በልጅቷ ላይ ስናደርግ ቅጣቱም በእሷ ላይ ይወርዳል። «ከእንግዲህ ትምህርት ቤት አትሄድም» ይባላል። «ሳትዋረድ ትዳር ትያዝ» ተብሎ ገና በልጅነቷ ትዳራለች። ያጠቃት ሰው ግን በዚያው መንገድ እየተዝናና ይሄዳል። ተበዳይዋ ቤት ታሰረች፤ በዳዩ ነፃ ወጣ። ይኼ ፍርድ ነው እንዴ?

ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትቀር የሚጎዳው እሷ ብቻ አይደለችም። ነገ ነርስ ትሆን የነበረች፣ አስተማሪ ትሆን የነበረች፣ የማኅበሩን ሒሳብ ትይዝ የነበረች ልጅ ነች የቀረችው። በዚያ ላይ መንገዱ አልጸዳም። ነገ ሌላዋ ልጅ በዚያው መንገድ ታልፋለች።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ትልቅ ቀዳዳ ነበረው። ልጅ የጠለፈ ሰው የጠለፋትን ልጅ ካገባ አይከሰስም ነበር። ስለዚህ ጠላፊው ልጅቷን ይይዛል፤ ከዚያ ሽማግሌ ይልካል። ቤተሰቧም «ከእንግዲህ ማን ያገባታል?» ብሎ ይሰጣል። ነገሩ በጋብቻ ይሸፈናል።

በ1988 ዓ.ም. በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች። ለማምለጥ ስትሞክር በጠመንጃ ተኩሳ ጠላፊዋን ገደለችው። በነፍስ ግድያም ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለልጅቷ ጥብቅና ቆመ። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። ፍርድ ቤቱም ልጅቷ ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነፃ ለቀቃት። ወይዘሮ መዓዛ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ። ከዚህ ታሪክ በመነሣትም «ድፍረት» የተባለ ፊልም ተሠርቷል። ይህ ቃል ሁለት ፍች አለው። አንደኛው ጀግንነት ነው፤ ሁለተኛው መደፈር ነው።

በ1996 ዓ.ም. አዲስ የወንጀል ሕግ ወጣ። ከግንቦት ወር 1997 ዓ.ም. ጀምሮም ይሠራበታል። ቀዳዳው ተደፈነ። አሁን ሕጉ የሚለው እንዲህ ነው፦

ለጋብቻ ብሎ ሴትን በኃይል ወይም በማታለል የጠለፈ ሰው ከ3 ዓመት እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። ከጠለፋ በኋላ ቢያገባትም ከቅጣት አይድንም። ይህ በአንቀጽ 587 ተጽፏል።

ሴትን አስገድዶ የደፈረ ሰው ከ5 ዓመት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። የተደፈረችው ልጅ ዕድሜዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነ ቅጣቱ እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። ይህ በአንቀጽ 620 ተጽፏል።

ዕድሜዋ 13 ዓመት ባልሞላት ልጅ ላይ ይህን ያደረገ ሰው ከ13 ዓመት እስከ 25 ዓመት ይቀጣል። ይህ አንቀጽ 627 ነው።

18 ዓመት ባልሞላት ልጅ ላይ «እሷም ወዳ ነው» ማለት አያድንም። አንቀጽ 626 ይህንንም ወንጀል አድርጎታል።

ሳታነቡ አትፈርሙ

እርቅ መልካም ባህላችን ነው። ለወሰን ጠብ፣ ለከብት ጥፋት፣ ለጎረቤት ቅያሜ እርቅን የመሰለ መድኃኒት የለም። አስገድዶ መድፈርና ጠለፋ ግን በሽማግሌ እርቅ የሚዘጉ ነገሮች አይደሉም። ቤተሰብ ተስማማ ተብሎ ክሱ አይቀርም። ወንጀሉ የተሠራው በልጅቷ ላይ ብቻ ሳይሆን በሕዝቡ ሁሉ ላይ ነውና መንግሥት ይከሳል።

ደግሞም እርቁን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ካሳው የሚሰጠው ለአባት ነው። ሕመሙ የሚቀረው በልጅቷ ላይ ነው። ልጅቷን «ምን ትያለሽ?» ብሎ የጠየቃት የለም። አጥፊው ደግሞ ከፍሎ ስለወጣ ሌላ ጊዜም ከፍሎ እንደሚወጣ ያውቃል።

አንዳንድ ጊዜ የእርቅ ወረቀት ተጽፎ ይመጣና «እዚህ ላይ ፈርሙ» ይባላል። ዱሮ አውራ ጣት ቀለም ነክሮ ማተም ብቻ ነበር። አሁን ግን እናንተ ፊደል ቆጥራችኋል። ወረቀቱን ተቀበሉና አንብቡት። «ክሱን ትቻለሁ» የሚል ቃል ካለበት አትፈርሙ። ፊደል የተማራችሁት ለዚህ ለዚህ ጊዜ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ጎግ ውስጥ የተለያየ ቋንቋ የሚናገር ሰው አብሮ ይኖራል። ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ በፑኝዶ የስደተኞች መጠለያ አለ። የአገሩ ተወላጅ ሴቶችና ስደተኛ ሴቶች በአንድ ጫካ ማገዶ ይለቅማሉ፤ በአንድ መንገድ ይመላለሳሉ፤ አንድ ዓይነት ሥጋትም አለባቸው። አንድ ሰው ሲያጠፋ «የእነ እገሌ ወገን ነው ያደረገው» ብሎ ለበቀል መነሣት ሌላ እሳት መጫር ነው። ወንጀል የሠራው ሰው ስም አለው። በስሙ ይጠየቅ። ወገኑ፣ ጎሣው፣ መንደሩ ወንጀለኛ አይደለም። በበቀል ለተነሣ ጠብ የመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎች ደግሞ እነዚያው ውኃና ማገዶ የሚሄዱ ሴቶች ናቸው።

ሦስት ቀን፣ 72 ሰዓት

አንዲት ልጅ ብትደፈር የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀኖች ብርቱ ቀኖች ናቸው። ሦስት ቀን ማለት 72 ሰዓት ነው። ይህን ቁጥር በግድግዳ ላይ ጻፉት።

1. ልጅቷን እመኑ። አትቆጧት። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» በሏት። ይህ ቃል ከመድኃኒት አያንስም።

2. ገላዋን ሳትታጠብ፣ ልብሷም ሳይታጠብ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። መታጠብ መፈለጓ የሰው ባሕርይ ነው፤ ነገር ግን ማስረጃው አብሮ ይታጠባል። ልብሷን ካወለቀች በወረቀት ጠቅልሉት። በላስቲክ አትጠቅልሉት፤ ይሻግታል። እጅግ ታጥባም ቢሆን፣ ቀኑም አልፎ ቢሆን ውሰዷት። «አለፈ» ተብሎ መቅረት የለበትም።

3. በጤና ጣቢያ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት ጠይቁ። በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። በቶሎ ሲጀመር ይበልጥ ይሠራል። ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። በዚያው በ2008ቱ ጥናት ከአገሪቱ ክልሎች ሁሉ ኤች አይ ቪ በብዛት የታየው በጋምቤላ ነበር። ከመቶ ሰው ወደ አምስት የሚጠጋው ቫይረሱ ነበረበት። ስለዚህ ለእኛ ይህ መድኃኒት ከሌላው ይልቅ ያስፈልገናል።

4. እርግዝና የሚከላከል መድኃኒትም አለ። እስከ አምስት ቀን ድረስ ይሰጣል። ልጅቷ ከመደፈር ብታረግዝ ደግሞ ሕጉ በአንቀጽ 551 ጽንሱን በሕክምና ማቋረጥ ይፈቅድላታል። ለዚህም የእሷ ቃል ይበቃል፤ ሌላ ማስረጃ አትጠየቅም። ስለዚህ ተደብቃ ሥር ጠጥታ እንዳትሞት አስተምሯት።

5. ለፖሊስ አመልክቱ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የአጥፊውን ስም፣ ያየ ሰው ካለ የምስክሩን ስም በወረቀት ጻፉ። ቃል ይረሳል፤ ጽሑፍ ግን ይቆያል።

የክረምቱ ጎርፍ መንገድ የሚቆርጥበት ጊዜ አለ። በዚያን ጊዜ ከመንደር እስከ ጤና ጣቢያ ለመድረስ ራሱ አንድ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ «ነገ እንሄዳለን» አትበሉ። መጀመሪያ በአቅራቢያችሁ ላለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ንገሩ። መንገዱን የምታሳያችሁ እሷ ናት።

ማኅበሩ ምን ያድርግ?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ልጅን መጠበቅ ለአንዲት እናት ከባድ ሸክም ነው። ለማኅበር ግን ቀላል ሥራ ነው። ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም።

በመጀመሪያ ልጃገረዶቹን ጠይቁ። «የምትፈሩት ቦታ የት ነው?» በሏቸው። እኛ ወንዶች የማናውቀውን እነሱ ያውቁታል። ወንዶች በሌሉበት እናቶች ይጠይቋቸው። የተናገሩትን ቦታ ሁሉ በወረቀት ላይ ጻፉ።

ከዚያ መንገዱን አጽዱ። ከክረምት በኋላ ሣሩ ሲያድግ ማኅበሩ አንድ ቀን ወጥቶ በውኃ መንገድና በትምህርት ቤት መንገድ ግራና ቀኝ ያለውን ሣር ይጨድ። ሣሩም ለቤት ክዳን ይሆናል። አንድ ሥራ፣ ሁለት ጥቅም።

የማገዶ ቀን ወስኑ። ሴቶችና ልጃገረዶች በቡድን ይውጡ። ወንዶችም አብረው ይሂዱ፤ ይጠብቁ፤ ይሸከሙም። ማገዶ የሴት ሥራ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ገንፎውን ሁላችን እንበላለን። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ መሥራትም ይረዳል። ማገዶ ሲቀንስ ወደ ጫካ መሄዱም ይቀንሳል።

በገበያ ቀን ሲመሽ ከፑኝዶ የሚመለሱትን ልጆች የሚጠብቁ ሁለት ሦስት የታመኑ ሰዎች መድቡ። መጠጥ ቤት አካባቢ ለሴት ልጅ ማለፊያ የሚያስፈራ ከሆነ የማኅበሩ መሪዎች ለባለቤቱ ይንገሩ።

የመጨረሻው ሥራ በቤት የሚሠራ ነው። ልጃገረዷን «ተጠንቀቂ» እያልን ሺህ ጊዜ እንመክራለን። ወንድ ልጃችንን «አትንካ» ብለን የመከርነው ስንት ጊዜ ነው? አባቶች ሆይ፣ ዓሣ ማጥመድ ስታስተምሩት፣ መሬት መቆፈር ስታስተምሩት፣ ይህንንም አስተምሩት። «እምቢ» ማለት እምቢ ማለት ነው። ዝም ማለትም እሺ ማለት አይደለም። የሰው ልጅ መንገድ የዘጋ ጎበዝ አይባልም።

ወጣት ወንድሞቼ ሆይ፣ ይህ ለእኛም ነው። ጓደኛችን በምታልፍ ልጅ ላይ ሲቀልድ አንሣቅ። ሳቃችን ነው መንገዱን የሚከፍትለት።

አንብባችሁ ተወያዩ

ይህን ጽሑፍ አንዱ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ሌላው ይስማ። ከዚያ በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ተነጋገሩ፦

በመንደራችን ልጃገረዶች የሚፈሩት ቦታ የትኛው ነው? ከዚያ ቦታ ለማጽዳት የምንወጣው በየትኛው ቀን ነው?

አንዲት ልጅ ዛሬ ማታ ብትጠቃ ወደ ማን እንወስዳታለን? ማን ያጅባታል? ጤና ጣቢያ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ባለፉት ዓመታት ከማኅበራችን አባላት ቤት በመንገድ ፍርሃት ምክንያት ከትምህርት የቀሩ ልጆች አሉ? ስንት ናቸው? ለመመለስ ምን እናድርግ?

መልሱን በቃል አትተዉት። በማኅበሩ መዝገብ ላይ ጻፉት። ቀኑንም ጻፉበት። ቀን ያልተጻፈበት ውሳኔ ቶሎ ይረሳል።